ማዕከላዊ መንግሥትን የመቃወም ክርክሮች በላስታ

ማዕከላዊ መንግሥትን የመቃወም ክርክሮች የሚባሉት የሹመት፣ የግብር፣ የመሬትና የጦር ሥልጣን በአንድ መዲናና በአንድ ገዢ እጅ እንዳይጠቀለል በተለያዩ ዘመናት የቀረቡ ምክንያቶች ናቸው። በኢትዮጵያ ለዚህ ክርክር ረጅም ታሪክ ካላቸው አካባቢዎች አንዱ በአሁኑ የሰሜን ወሎ ዞን የሚገኘው የላስታ ደጋ ነው። ክርክሩ ከዛጔ ሥርወ መንግሥት መውደቅ ጀምሮ በአፄዎቹ ዘመን፣ ከዚያም በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ከተሻረ በኋላ በተመሠረተው ሪፐብሊክ ውስጥ ቀጥሏል።

የተከራካሪዎቹ ማንነትና የሚጠቅሱት ምክንያት በየዘመኑ ተለውጧል። አንድ ጊዜ የዘር ሐረግ፣ ሌላ ጊዜ ሃይማኖት፣ ሌላ ጊዜ ርስት፣ በቅርቡ ደግሞ የብሔረሰብ መብት ቀርቧል። ከሥር ያሉት ጥያቄዎች ግን አራት ናቸው፤ ሹሙን ማን ይሾማል? ግብሩ የት ይገባል? መሬቱ የማን ነው? ወታደሩስ ለማን ይታዘዛል?

የአካባቢው ሁኔታ

የላስታ ዋና ከተማ ላሊበላ ናት፤ የቀድሞ ስሟ ሮሃ ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአካባቢው ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የተከዜ ወንዝ የሚነሣውም ከላስታ ደጋ ነው። አገሩ በገደልና በጥልቅ ሸለቆ የተከፋፈለ በመሆኑ፣ ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጦር በቀላሉ ሊዘልቀው አይችልም ነበር። ስለዚህ የመዲናው ሥልጣን በአካባቢው የሚሠራው በአብዛኛው በአገሬው ባላባት በኩል ነበር።

ሌላው መሠረት የመሬት ሥሪቱ ነው። በላስታ እንደ ሌሎቹ የሰሜን አገሮች ገበሬው መሬቱን የሚይዘው በርስት ነበር። ርስት ከአቅኚ አባት በትውልድ የሚወረስ መብት ነው። ጉልት ደግሞ ንጉሡ ለሹም፣ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ግብር የመቀበል መብት ነው። ስለዚህ በገበሬው አስተሳሰብ ንጉሡ ጉልት መስጠትና መንሣት ይችላል፤ ርስት ግን የንጉሡ ስጦታ ስላልሆነ ሊነሣው አይገባም። ይህ ልዩነት በኋላ ዘመን በመሬት ልኬትና በግብር ላይ ለተነሣው ተቃውሞ ሁሉ መነሻ ሆኗል።

የዛጔ ቃል ኪዳን

በ1260ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ይኩኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት አስወግደው የሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት መለሱ። በኋላ ዘመን በተጻፈው ትውፊት መሠረት የሥልጣኑ ሽግግር በስምምነት የተፈጸመ ነው። የዛጔው ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ዙፋኑን ሲለቅ፣ ላስታ ለእርሱና ለዘሩ የማይሻር ይዞታ ሆኖ እንዲቀር ቃል ተገባ ይላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህን ትውፊት በመጽሐፉ መዝግቧል። እንደ እርሱ ዘገባ የላስታ ገዢ ሁለት የብር ነጋሪት የማስመታት መብት የነበረው ሲሆን፣ ከግብርና ከአገልግሎት ነፃ ነበር።

የታሪክ ተመራማሪዎች ይህን ታሪክ እንዳለ አይቀበሉትም። ሽግግሩ በጦርነት የተፈጸመ እንደሆነና የስምምነቱ ትረካ በኋላ እንደተቀናበረ ያስረዳሉ። ይሁን እንጂ ትረካው ለክርክሩ ትልቅ ዋጋ ነበረው። የላስታና የዋግ ባላባቶች ሥልጣናቸው ከንጉሡ የተሰጠ ሹመት ሳይሆን፣ ንጉሡ ራሱ የገባበት ውል እንደሆነ የሚናገሩት በዚህ ላይ ተመሥርተው ነው። ሹመት ከሆነ ይሻራል፤ ውል ከሆነ ግን አንዱ ወገን ብቻውን ሊያፈርሰው አይችልም።

በመዲናው በኩል ደግሞ ተቃራኒው ክርክር በክብረ ነገሥት ተጽፏል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተዘጋጀው ይህ መጽሐፍ ዙፋኑ ለእስራኤል ዘር ብቻ እንደሚገባ ያስተምራል። በመጨረሻው ላይ ያለው ማስታወሻም መጽሐፉ በዛጔ ዘመን ወደ ግዕዝ ያልተተረጎመው፣ ከእስራኤል ዘር ያልሆኑ ነገሥታትን ሕግ አፍራሾች ስለሚላቸው እንደሆነ ያመለክታል። በዚህ አቋም መሠረት ላስታ ውል የሚዋዋል ወገን ሳይሆን፣ ወደ ሕጋዊው ባለቤት የተመለሰ አገር ነው።

ከላስታ በስተሰሜን ያለው የዋግ ገዢ «ዋግሹም» በሚል ማዕረግ ይታወቃል። ይህ ማዕረግ በዛጔ ዘር ውስጥ እየተወረሰ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። ዋግሹሞች በየጊዜው ላስታንም አብረው ገዝተዋል።

የሃይማኖት ክርክር

ዓፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጹ። ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከመጡ በኋላም ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ ካህናት እንደገና እንዲሾሙና የቀዳሚት ሰንበት መከበር እንዲቀር ተደረገ። ከዚህ በፊት ንጉሡ ሹም ሲሽርና ግብር ሲጨምር አገሩ ይታገሥ ነበር። አሁን ግን ትእዛዙ ወደ እያንዳንዱ ደብርና ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ።

በ1620ዎቹ ዓ.ም. የላስታ ገበሬዎች በመልክዐ ክርስቶስ መሪነት አመፁ። ሰኔ 1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት የንጉሡ ሠራዊት አሸነፈ። የሟቾቹ ቁጥር ወደ 8,000 እንደሚደርስ ተጽፏል። በዘመኑ በተጻፉ ዘገባዎች መሠረት ንጉሡን ያሳዘናቸው በሜዳው ላይ የወደቁት የውጭ ጠላቶች ሳይሆኑ የገዛ ሕዝባቸው መሆናቸው ነው። በዚያው ወር ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ስለዚህ የላስታ ገበሬ በጦር ሜዳ ተሸንፎ የተከራከረበትን ጉዳይ አሸነፈ ማለት ይቻላል።

አመፁ ግን ሃይማኖቱ ከተመለሰ በኋላም በፋሲለደስ ዘመን ቀጥሏል። ይህም ጉዳዩ ሃይማኖት ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። መልክዐ ክርስቶስ ራሱ የንግሥና ጥያቄ ነበረው። የላስታ ተቃዋሚዎች በተደጋጋሚ የፈለጉት ከመንግሥቱ መለየትን ሳይሆን ዙፋኑን ራሱን መያዝን ነበር። ይህ ጠባይ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ይታያል።

ዘመነ መሳፍንት

ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ያለው ዘመነ መሳፍንት በክርክሩ ውስጥ በሁለቱም ወገን ይጠቀሳል። በዚህ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ስም ብቻ ቀርቷቸው ነበር። እውነተኛው ሥልጣን በየአገሩ መሳፍንት፣ በተለይም ከላስታ ጎረቤት ከየጁ በተነሡትና መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ባደረጉት የየጁ ራሶች እጅ ነበር።

የማዕከላዊ መንግሥት ደጋፊዎች ይህን ዘመን እንደ ዋና ማስረጃ ያቀርቡታል። መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲዋጉ ወታደሩ በገበሬው ቤት ይመራ ነበር፤ እህሉን ይበላ፣ ከብቱን ያርድ ነበር። ንግድም በየበሩ በሚጠየቀው ቀረጥ ይደናቀፍ ነበር። ስለዚህ የመዲናው መድከም ለገበሬው ነፃነት አላመጣለትም፤ አንድ ሩቅ ጌታን በብዙ ቅርብ ጌቶች ለወጠበት እንጂ። ይህ መልስ ለመሳፍንቱ ክርክር እስካሁን ከቀረቡት መልሶች ሁሉ ጠንካራው ነው።

ዓፄ ቴዎድሮስና ዋግሹም ጎበዜ

በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት ዓፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መሳፍንትን ለመዝጋት ተነሡ። በየአገሩ ለእርሳቸው የሚታዘዙ ሹሞችን ማስቀመጥ፣ በደመወዝ የሚተዳደር ሠራዊት ማቋቋምና የቤተ ክርስቲያንን መሬት መወሰን ፈለጉ። የመጨረሻው ዕቅድ ከካህናቱ ጋር አጣላቸው። ለሠራዊቱ የሚበቃ ገቢ ስላልተገኘም የሚቀጡትን አገር መዝረፍ የዘወትር ሥራ ሆነ።

ዋግሹም ገብረ መድኅን በንጉሡ ትእዛዝ ተገደሉ። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ በ1850ዎቹ ዓ.ም. በላስታና በዋግ አመፁ። በዚያው ጊዜ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ካሣ ምርጫ በትግራይ ተነሥተዋል፤ ጎጃምም ከንጉሡ እጅ ወጥቷል። የእንግሊዝ ጦር መቅደላ በደረሰ ጊዜ ንጉሡ ከምሽጋቸው ዙሪያ ያለፈ ሰፊ ግዛት አልቀራቸውም ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ።

ከዚህ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ «ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነገሡ። የአካባቢ መብት አስከባሪ ሆነው የተነሡት ሰው ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ የእርሳቸውን የበላይነት ከማይቀበሉ መሳፍንት ጋር ተጋጩ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ አሰም በተባለው ቦታ በካሣ ምርጫ ተሸነፉ። የተክለ ጊዮርጊስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ተቃዋሚው ሥልጣን ሲይዝ አቋሙ እንዴት እንደሚለወጥ ለማሳየት ነው።

የዓፄ ዮሐንስ መንገድ

ካሣ ምርጫ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ከነገሡ በኋላ ከቴዎድሮስ የተለየ መንገድ ያዙ። «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ እንደ ቃሉ ተረጎሙት፤ ከእርሳቸው በታች ሌሎች ነገሥታት ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. በልቼ በተደረገው ስምምነት ምኒልክ የንጉሠ ነገሥቱን የበላይነት ተቀብለው ግብር ሊከፍሉ ቃል ገቡ፤ ዮሐንስም የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጸደቁላቸው። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት ንጉሥ ተባሉ።

ይህ አሠራር በአንድ የበላይ ሥር የአካባቢ ገዢዎችን የሚያቆይ ሥርዓት ነበር። ጥቅሙ በየአገሩ ጦር ሳያዘምቱ ግዛቱን ማስተዳደር መቻሉ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ስምምነቱ የተመሠረተው በሁለት ሰዎች መሐላና በጦር ሚዛን ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ሚዛኑ ሲዛባ መሐላውን የሚያስከብር ዳኛ አልነበረም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው የአበው ተረት ይህን ክፍተት በአጭሩ ይገልጸዋል።

የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት

ክርክሩ ከጦር ሜዳ ወጥቶ በጉባኤ የቀረበው ዓፄ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጁ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ዋናው አርአያ የ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር።

በውይይቱ ላይ መሳፍንቱ የሚገዙት አገር ለልጅ ልጃቸው እንዲተላለፍ በሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅላቸው ጠየቁ። ከዋነኞቹ ተከራካሪዎች መካከል ራስ ካሣ ኃይሉ ይገኙበታል። ራስ ካሣ በአባታቸው በኩል ከላስታ ገዢዎች ዘር፣ በእናታቸው በኩል ደግሞ ከሸዋ ነገሥታት ቤት የሚወለዱና ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ የነበሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ክርክራቸው የአመፀኛ አልነበረም። ዙፋኑ በአንድ ቤተሰብ እንዲወረስ ከተወሰነ፣ የአውራጃ ገዥነትስ ለምን አይወረስም የሚል ነው። በሌላ ወገን የቆሙት በአገልግሎታቸው ለሹመት የበቁ ሰዎችና የተማሩ ወጣቶች፣ ሹመት በችሎታ እንጂ በዘር መሆን የለበትም፤ አገር የአንድ ቤተሰብ ንብረት ሊሆን አይችልም አሉ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። ዙፋኑ በኃይለ ሥላሴ ዘር እንዲቆይ ደንግጎ የመሳፍንቱን ጥያቄ ሳይቀበል ቀረ። በምትኩ ንጉሠ ነገሥቱ የሚመርጧቸው መኳንንት በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እንዲቀመጡ ተደረገ። በዚህም መሳፍንቱ በየአገራቸው የነበራቸውን ሥልጣን በአዲስ አበባ ባገኙት ወንበር ለወጡት። በሚቀጥለው ዓመት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ የጅማ መንግሥትም ራስን ማስተዳደሩን አጣ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ገበሬው በሁለቱም ወገን ድምፅ አልነበረውም። መሳፍንቱ የተከራከሩት ለአካባቢያቸው ሕዝብ መብት ሳይሆን ለቤተሰባቸው መብት ነበር። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ሹሙን ይምረጥ አላለም።

እንደራሴ፣ ግብርና ረሃብ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ከፈለ። ገዢዎች ከመዲናው የሚሾሙና ደመወዛቸውን ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚቀበሉ ሆኑ። ላስታ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ሆነ። የቀድሞው ባላባት ሹመት ቢያገኝም የሚያገኘው እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነበር።

ተቃውሞው በዚህ ጊዜ ከመሳፍንቱ ወደ ገበሬው ተሸጋገረ። በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. በደቡባዊ ትግራይና በራያ «ቀዳማይ ወያነ» የተባለው አመፅ ተነሣ። ከምክንያቶቹ መካከል የግብር ጫናና የሹማምንት በደል ይገኙበታል። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃም ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውመው አመፁ። ግብሩ ከመሬት ልኬት ጋር እንደሚመጣ፣ ልኬቱም ርስትን እንደሚያጠፋ ሰግተው ነበር። መንግሥት ጦር ከላከ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ውዝፍ ግብር ማረ።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ ለክርክሩ ሌላ መልክ ሰጠው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች እስኪያሳዩ ድረስ ጉዳዩ በአደባባይ አልተነገረም ነበር። ከዚህ በኋላ የተነሣው ወቀሳ ማዕከላዊው መንግሥት ግብር ለመቀበል ቅርብ፣ ጩኸት ለመስማት ግን ሩቅ ነው የሚል ነው። የአካባቢው ሹም የሚፈራው ከላይ የሾመውን እንጂ ከታች የሚገዛውን ስላልሆነ፣ መጥፎ ወሬ ወደ ላይ ለመላክ ምክንያት የለውም።

የብሔረሰቦች ጥያቄ

በወሎ ተወልዶ ደሴ የተማረው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በተማሪው እንቅስቃሴ ውስጥ ክርክሩን ለወጠው። ከዚያ በፊት ጥያቄው በመዲናውና በአካባቢ ገዢዎች መካከል ነበር። ዋለልኝ ግን ማዕከላዊው መንግሥት የአንድ ባህልና ቋንቋ የበላይነት መሣሪያ ሆኗል የሚል አቋም አቀረበ። በእርሱ ጽሑፍ የመብቱ ባለቤት መስፍኑም ሆነ አውራጃው ሳይሆን ብሔረሰቡ ነው።

በዚህ ላይ የኤርትራ ጉዳይ እንደ ምሳሌ ይነሣ ነበር። ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ መሠረት በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አንድ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። የፌዴሬሽኑን መፍረስ የሚተቹ ሰዎች የተጻፈ የራስ አስተዳደር እንኳ በመዲናው ፈቃድ ብቻ ሊሻር እንደቻለ ይጠቅሳሉ። ከዚያ የተከተለው ጦርነት 30 ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

አዲሱ ሪፐብሊክና ደርግ

በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ተሻረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ተወሰነ። በደቡብ የጭሰኛው ቀንበር ሲሰበር፣ እንደ ላስታ ባሉ የርስት አገሮች ግን ለውጡ ሁለት ገጽ ነበረው። ጉልት ጠፋ፤ ገበሬው ለባላባት ከሚከፍለው ግብር ተገላገለ። በአንጻሩ ርስትም አብሮ ጠፋ፤ ከእንግዲህ መሬቱን የሚመራው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለው የገበሬ ማኅበር ሆነ። ነገሥታቱ ያልነኩትን የነካው ሪፐብሊኩ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ሰዎችን ወደ ደቡብና ምዕራብ ማስፈር ጀመረ። በዘመቻው 600,000 ያህል ሰዎች ተዛውረዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የወሎ ሰዎች ነበሩ። መንግሥት ምክንያቱን የመሬቱ መራቆትና የድርቁ መደጋገም ነው አለ። ተቺዎች ደግሞ በብዙ ቦታ ሰው ያለ ፈቃዱ እንደተወሰደ፣ ቤተሰብም እንደተለያየ ያስታውሳሉ። ስለ አንድ መንደር ዕጣ የሚወስነው መንደሩን ያላየ አካል ሲሆን ምን እንደሚደርስ ለማሳየት ሰፈራው እስካሁን ይጠቀሳል።

ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን መሠረተ። ሪፐብሊኩ አሐዳዊ መንግሥት ነበር። በመስከረም 1980 ዓ.ም. አገሪቱ በ24 አስተዳደር አካባቢዎችና በ5 ራስ ገዝ አካባቢዎች ስትከፈል፣ ወሎ ሰሜንና ደቡብ ተባለ። ራስ ገዝ የተባሉት ኤርትራ፣ ትግራይ፣ ድሬዳዋ፣ አሰብና ኦጋዴን ነበሩ። በዚህ ጊዜ በዋግና በአካባቢው ተራሮች የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኢሕዴን) ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ይዋጋ ነበር። ዘግይቶ የተሰጠው ራስ ገዝነትም ጦርነቱን አላስቆመም።

የፌዴራላዊው ሪፐብሊክ ዘመን

ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ በሐምሌ ወር የሽግግሩ ቻርተር ጸደቀ። በ1984 ዓ.ም. 14 ክልሎች ሲቋቋሙ ላስታ ክልል 3 በተባለው በአማራ ክልል ተካተተ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን መሠረተ። በአንቀጽ 8 የሥልጣን ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል፤ በአንቀጽ 39 እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራል መንግሥት በግልጽ ያልተሰጠውን ሥልጣን ለክልሎች ይተዋል።

ይህ ሰነድ የማዕከላዊ መንግሥት ተቃዋሚዎች ያገኙት ትልቁ ድል ቢመስልም ክርክሩን አልዘጋውም። በአንድ ወገን፣ እንደ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ያሉ ሰዎች ቻርተሩ የአገሪቱን አንድነት አደጋ ላይ ይጥላል ብለው ተቃውመዋል። በሌላ ወገን፣ በወረቀት ላይ ያለው ያልተማከለ ሥርዓት በአንድ ፓርቲ ጥብቅ ማዕከላዊነት ተሸፍኗል የሚል ትችት ቀረበ። ክልሎች ከሚያወጡት ገንዘብ አብዛኛው ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣ ድጎማ በመሆኑም የራስ አስተዳደሩ በገንዘብ እንደታሰረ ይነገራል።

ሌላው ጥያቄ «ማዕከል» የሚባለው የቱ ነው የሚል ነው። ለላሊበላ ነዋሪ ባሕር ዳርም ሩቅ ማዕከል ሊሆን ይችላል። በአማራ ክልል ውስጥ የዋግ አገው ሕዝብ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የሚባል የራሱ ዞን ሲኖረው፣ የዛጔ መናገሻ የነበረው ላስታ በሰሜን ወሎ ዞን ውስጥ ወረዳ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራና በሌሎች ሦስት ክልሎች የተጀመረው የወረዳ በጀት አሠራር ይህን ርቀት ለማጥበብ የታሰበ ነበር።

የቅርስ ጥበቃም በዚህ ክርክር ውስጥ ይገባል። 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የቅርስ ጥበቃ ፖሊሲ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት የብረት መጠለያዎች ከጊዜ በኋላ ሥጋት ፈጠሩ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ነዋሪዎች መፍትሔ እንዲሰጣቸው ሰልፍ ወጥተው ጠየቁ። ሕንፃው በየቀኑ የሚቀደስበት የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ውሳኔው ግን ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የሚመጣ ነው።

በጣም ከባድ የሆነው የቅርብ ጊዜ ጥያቄ ግን የጦሩ ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ገደማ የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው በመከላከያና በፖሊስ ሥር እንዲገቡ ወሰነ። ደጋፊዎቹ አንድ አገር አንድ ሠራዊት ሊኖረው ይገባል፣ ክልሎች የታጠቀ ኃይል ሲይዙ ዘመነ መሳፍንት ይመለሳል አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ከጦርነቱ ማግሥት ክልሉን ያለ መከላከያ ማስቀረት ነው አሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በፋኖ ታጣቂዎችና በመከላከያ ሠራዊት መካከል ግጭቱ ተስፋፍቶ ላሊበላንም አዳረሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ።

ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር

በተመሳሳይ ጉዳይ በዓለም በጣም የታወቀው ክርክር በ1787 እና በ1788 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተደረገው ነው። «ፀረ ፌዴራሊስት» የተባሉት ወገኖች አዲሱ ሕገ መንግሥት ለማዕከሉ ብዙ ሥልጣን ይሰጣል ብለው ተቃወሙ። ፓትሪክ ሄንሪ፣ ጆርጅ ሜሰንና «ብሩተስ» በሚል የብዕር ስም የጻፈው ሰው ከታወቁት መካከል ናቸው። ሰፊ አገር በአንድ ምክር ቤት በሚገባ ሊወከል አይችልም፣ ማዕከሉ ያለ ገደብ ግብር መጣል ከቻለ ክልሎች ባዶ ስም ይሆናሉ፣ ቋሚ ሠራዊትም ለነፃነት ያሠጋል የሚሉ ምክንያቶችን አቀረቡ። ሕገ መንግሥቱ ቢጸድቅም፣ በ1791 እ.ኤ.አ. የዜጎችን መብት የሚያስከብሩ 10 ማሻሻያዎች የተጨመሩበት አንዱ ምክንያት የእነርሱ ተቃውሞ ነው።

የግብሩና የሠራዊቱ ክርክር ከላስታው ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ በሁለት ነገር ነው። በአሜሪካ ክርክሩ ከማጽደቁ በፊት በጋዜጣና በጉባኤ ተካሄደ፤ በኢትዮጵያ ግን ብዙውን ጊዜ ተቃውሞው የተሰማው አዋጁ ከወጣ በኋላ በአመፅ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ የተሸነፈው ወገን በሕጉ ላይ የራሱን አንቀጾች ጨምሮ ቀረ፤ በላስታ ታሪክ ግን ከሱስንዮስ የሃይማኖት አዋጅ መሻር በስተቀር የተሸናፊው ክርክር ከአሸናፊው ሕግ ውስጥ እምብዛም አልገባም።

የክርክሮቹ ማጠቃለያ

በላስታና በአካባቢው የቀረቡት ዋና ዋና ምክንያቶችና መልሶቻቸው እንደሚከተለው ናቸው።

የውል ክርክር፦ የአካባቢው ሥልጣን በቃል ኪዳን የቆየ ስለሆነ መዲናው ብቻውን ሊሽረው አይችልም። መልሱ፦ ውሉ የገዢ ቤተሰቦች እንጂ የሕዝብ አልነበረም፤ የትረካው እውነተኛነትም አከራካሪ ነው።

የሃይማኖትና የባህል ክርክር፦ መንግሥት ሹም ሊሾም ይችላል፤ እምነትና ልማድ ግን ሊያዝ አይገባም። ለዚህ ክርክር በተግባር ጠንካራ መልስ አልተገኘም።

የርስት ክርክር፦ መሬት የሚወረሰው ከአባት እንጂ ከመንግሥት አይደለም። መልሱ፦ ርስት የሌላቸው ሸማኔዎች፣ ቀጥቃጮችና ሌሎች ባለ እጆች በዚህ ሥርዓት ተገፍተው ኖረዋል።

የርቀት ክርክር፦ ሩቅ መንግሥት ችግርን ዘግይቶ ይሰማል፣ ሳያውቅም ይወስናል። መልሱ፦ ድርቅ አንድን አካባቢ ሲመታ እህል ከሌላ አካባቢ የሚያመጣው ሰፊ አቅም ያለው መንግሥት ነው።

የሠራዊት ክርክር፦ የጦር ኃይል ሁሉ በአንድ እጅ ከሆነ የተጻፈ መብት ዋስትና ያጣል። መልሱ፦ የዘመነ መሳፍንት ታሪክ የታጠቁ ብዙ ማዕከሎች የሚያስከትሉትን ጉዳት አሳይቷል።